ሜትሮ ውስጥ ያለችው ቀይ እጀታ መቼ ነው የምትሳበው?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሊያስቅ ይችላል፣ ግን ከልቤ ነው። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፣ የተማርኩትም እዚሁ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ቻይና፣ ጓንዡ የምትባል ከተማ ስኮላርሺፕ አግኝቼ መስከረም ላይ እሄዳለሁ ኢንሻ አላህ። ዶርሙ ከካምፓሱ ራቅ ስለሚል በየቀኑ በምድር ውስጥ ባቡር፣ ሜትሮ በሚሉት፣ መመላለሴ አይቀርም አሉኝ።

እኔ በዕድሜዬ የተሳፈርኩበት ባቡር የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ብቻ ነው፣ እሱንም ሁለት ቀን። እሱ ደግሞ አብዛኛው ከመሬት በላይ ነው፣ ወደ ምኒልክ አደባባይ ሲጠጋ ነው ትንሽ ዋሻ ውስጥ የሚገባው። ያኔ መፍራት ትዝም አላለኝ፣ ሐሳቤ ሁሉ ስልኬ እንዳይሰረቅ ነበር።

አሁን ነገር ያመጣችው እናቴ ናት። ባለፈው ሳምንት ስልኳ ላይ አንድ ቪዲዮ አየች፤ ባቡር ውስጥ ጭስ ሞልቶ ሰው በር ሲደበድብ። የት አገር እንደሆነ አታውቅም፣ ቋንቋውንም አትሰማም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና በተፈላ ቁጥር ወሬው እሱ ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዱአ ያደርግልኛል፣ እኔም አሚን እያልኩ እቀመጣለሁ፤ ገና ቪዛው ሳይመታ የተቀበርኩ ነው የሚመስለው።

እና ጥያቄዬ ይኸው። በሩ አጠገብ ቀይ እጀታ አለ፣ እሳት ማጥፊያ አለ፣ መነጋገሪያ ቁልፍ አለ፣ መዶሻም አለ ይላሉ። እነዚህን ተሳፋሪ ራሱ መንካት ይችላል ወይስ ሠራተኛ መጠበቅ ነው? እጀታዋስ መቼ ነው የምትሳበው? አንዱ ጓደኛዬ “ጭስ ካየህ ወዲያው ስበህ ዝለል” አለኝ። ሌላው “ከነካሃት ታስረህ ትባረራለህ” አለኝ። ሁለቱም ሜትሮ አይተው አያውቁም። የምታውቁ ንገሩኝ።

---

ሐረጎ ቁልቁለት (ደሴ)

ወንድሜ፣ እኛ የኮምቦልቻውን ባቡር ፉጨት ስንጠብቅ ጸጉራችን ሸበተ፣ አንተ እጀታው መቼ ይሳባል ትላለህ ሃሃሃ። በእኛ መስመር መልሱ ቀላል ነው፤ ጣራውን ትደበድባለህ፣ “ወራጅ አለ!” ትላለህ፣ ሹፌሩ ቆም ያደርጋል። ለማንኛውም እንኳን ደስ አለህ። መልሱን እኔም እጠብቃለሁ።

---

ከጓንዡ ተመላሽ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

አብሽር ወንድሜ፣ ጓንዡ አራት ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት፣ ሜትሮውን ከደሴ ባጃጅ በላይ አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ይሠራል፣ ዛሬ መስመሩ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በቀን በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ይመላለስበታል። በአራት ዓመት ያየሁት ትልቁ አደጋ የሰው ብብት ነው።

ሐረጎ ቀልዶ ነው ግን ሳያውቀው ዋናውን ነገር ነካው። እኛ እዚህ ከመኪና የተማርነው አንድ ነገር ነው፤ ችግር ሲመጣ አቁም፣ ውረድ። የደሴ ኮምቦልቻው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሸተተ? ሹፌሩ ጥግ ይይዛል፣ ረዳቱ ዘሎ ታኮ ያደርጋል፣ እኛ ወርደን ሜዳ ላይ እንቆማለን። ይሄ ነገር ደማችን ውስጥ ገብቷል። የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ግን ይሄ ደመ ነፍስ ሊገድልህ ይችላል። ምክንያቱም ወርደህ የምትቆምበት ሜዳ የለም።

እስቲ ጣርማ በርን አስበው። አዲስ አበባ ስትሄድ ጣልያን የሠራው ዋሻ ውስጥ ገብታችሁ ሞተሩ መጨስ ቢጀምር ጎበዝ ሹፌር ምን ያደርጋል? መኪናው እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ነድቶ ይወጣል እንጂ መሃሉ ላይ አያቆምም። ያ ዋሻ ግማሽ ኪሎ ሜትር አለፍ ቢል ነው፣ ወዲያና ወዲህ ብርሃን ይታያል። የሜትሮው ዋሻ ጨለማ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ጭሱ መሄጃ የለውም፣ ሐዲዱ አጠገብ ኤሌክትሪክ አለ። ቀጣዩ ጣቢያ ግን ብዙ ጊዜ የሁለት ወይ የሦስት ደቂቃ መንገድ ነው። እዚያ ደረጃ አለ፣ ጭስ የሚስብ ማራገቢያ አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ እሳት አደጋም የሚመጣው እዚያ ነው። ስለዚህ ባቡሩ እየሄደ ከሆነ ይሂድ! አታስቁመው።

መጀመሪያ የምትነካው መነጋገሪያውን ነው። በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ናት፣ ቁልፉን ተጭነህ መብራቱን ትጠብቅና ትናገራለህ። የሚሰማህ ሾፌሩ ነው፣ ሾፌር በሌለው ባቡር ደግሞ የመቆጣጠሪያ ማዕከሉ። የፉርጎው ቁጥር በሩ አካባቢ ተጽፏል፣ መጀመሪያ እሱን ንገር። ከዚያ ያየኸውን፤ ጭስ ነው፣ ሰው ወድቋል፣ ጠብ ነው። ቻይንኛ ካልቻልክ በእንግሊዝኛ አጭር አድርገው፣ ወይ አጠገብህ ላለው ሰው አሳየው፣ እሱ ይናገርልሃል። “ጃኦ ሁዎ ለ” ማለት እሳት ተነሳ ማለት ነው፣ ይቺን ያዛት። ስልክ ቁጥሮቹንም አሁኑኑ መዝግብ፤ እሳት 119፣ አምቡላንስ 120፣ ፖሊስ 110።

ከተናገርክ በኋላ ከጭሱ ራቅ። አብዛኛው ባቡር ፉርጎዎቹ በውስጥ የተያያዙ ናቸው፣ እየተራመድክ ወደ ሌላው ትሄዳለህ። ዛሬ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚጨሰው የሰው ፓወር ባንክ ነው። አትንካው፣ አትርገጠው፣ ሰው እንዲርቅ አድርገህ ንገራቸው።

እጀታዋ ላይ ሰው የሚምታታው ቀይ ሁሉ አንድ ስለሚመስለው ነው። አንዱ አገር ፍሬን ነው፣ ሌላው አገር ለሾፌሩ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፣ ጓንዡ በሩ አጠገብ የምታያት ደግሞ በሩን ከቁልፍ የምታላቅቅ ናት። ባቡሩ እየሄደ ከሳብካት ባቡሩ ሊቆም ይችላል፣ የት? ዋሻ ውስጥ። ያኔ የፈራኸውን ነገር በገዛ እጅህ አመጣኸው ማለት ነው። ያለምክንያት ስበው የታሰሩም አሉ፣ ጓደኛህ እዚያ ላይ አልዋሸም። መጀመሪያ ቀን ስትሳፈር ከስልክህ ቀና በልና ምልክቱን አንብብ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛም ተጽፏል።

---

የፋብሪካው ጋሼ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ እኔ ባቡሩን አላውቀውም። እሳቱን ግን አውቀዋለሁ። እዚሁ ኮምቦልቻ 19 ዓመት አደጋ መከላከል ላይ ሠርቻለሁ። ጥጥ ያለበት ቤት ስትሠራ እሳት ቶሎ ያስተምርሃል፣ ብናኙ እንደ ባሩድ ነው።

ስለ እሳት ማጥፊያው ሲሊንደር ልንገርህ። ሰው ሁሉ ፊልም ላይ እንዳየው ይመስለዋል። ስልጠና ስሰጥ አሥር ሰው ባሰልፍ ስምንቱ አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራ ነበር፤ እጀታውን ጨብጦ ፒኑን ለመንቀል ይታገላል። እጀታው ሲጨበጥ ፒኑን ይነክሰዋል፣ አይወጣም፣ ሰውየው ይደነግጣል፣ ሲሊንደሩን ጥሎ ይሮጣል። መሬት ላይ አስቀምጠው ወይ ከሥር ያዘው፣ እጀታውን ሳትጫን ፒኑን ጠምዘዝ አድርገህ ንቀል። ከዚያ ነው መጭመቅ። አፈሙዙን ወደ ነበልባሉ ጫፍ አታድርግ፣ ሥሩ ላይ አድርግና እንደ መጥረጊያ ግራና ቀኝ አንቀሳቅሰው። ትንሹ ሲሊንደር በአሥር፣ በአሥራ አምስት ሰከንድ ያልቃል። እሳቱ ከቆሻሻ ቅርጫት ከበለጠ አትሞክረው፣ ያንተ ሥራ አይደለም። እና ሁልጊዜ መውጫው ከኋላህ ይሁን። እሳቱ በአንተና በበሩ መካከል ከሆነ ሲሊንደሩን ተወው፣ መንገድህን ፈልግ።

ሌላው፣ ዝግ ፉርጎ ውስጥ ዱቄቱን ስትለቀው ቤቱ በሙሉ ጉም ይሆናል። ያስላል፣ አያሳይም። ሰው ካላራቅክ አትልቀቀው። ጋዝ የሆነው፣ ጥቁር ቀንድ ያለው ዓይነት ደግሞ ቀንዱን በእጅህ አትያዝ፣ ቅዝቃዜው ቆዳ ይልጣል። ኤሌክትሪክ ያለበት ላይ ውሃ እንደማይደፋ አንተ የተማርክ ልጅ ነህ አልነግርህም።

አሁን ስለ ጭሱ። ደሴ ያደገ ሰው ይሄን ማወቅ አለበት። ክረምት ላይ ብርዱ ሲጠና ከሰል አቀጣጥሎ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛ፣ ጠዋት ያልነቃ ስንት ሰው አለ? ያ ከሰል አልነደደባቸውም። ሽታ የሌለው፣ የማይታይ ጋዝ ነው የወሰዳቸው። ባቡርም ላይ አብዛኛውን ሰው የሚገድለው ነበልባሉ አይደለም፣ እሱው ነው። ሻሽ ወይ ነጠላ አርጥበህ አፍንጫህ ላይ ብታደርግ ጥቀርሻውን ይቀንስልሃል፣ ለመተንፈስ ይረዳሃል፣ ጋዙን ግን አያግደውም። ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ ይዣለሁ ብለህ አትቀመጥ። ዝቅ ብለህ ውጣ። ንጹሑ አየር ታች ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ስልጠና ላይ የለንደኑን ነገር አስተምረውን ነበር፣ ኪንግስ ክሮስ የሚባለው ጣቢያ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 18 ቀን 1987። የእንጨት ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሥር ክብሪት ወድቆ ቅባትና ቆሻሻ አቀጣጠለ፣ 31 ሰው ሞተ። የሚያንገበግበኝ ምን መሰለህ፣ ደረጃው ሥር ውሃ የሚረጭ መሣሪያ ተገጥሞ ነበር! በወቅቱ የነበሩት ሠራተኞች በእሱ ላይ ስልጠና አልነበራቸውም፣ ማንም አልከፈተውም። እኔም አንድ ቦታ ለቁጥጥር ሄጄ ሲሊንደሩን ስፈልግ ከጆንያ ክምር ኋላ አገኘሁት፣ የግፊት መለኪያው መርፌ ቀይ ላይ ወድቋል፣ አንገቱ ላይ ደግሞ የጽዳቷ ሠራተኛ መወልወያዋን አስጥታበታለች። ስሙን አልጠራም።

---

ብሮንክስ ያለ የወሎ ልጅ

ጋሼ እድሜ ይስጥዎት፣ የፒኑን ነገር ዛሬ ነው የሰማሁት።

ከተመላሽ ጋር እስማማለሁ፣ ኒውዮርክም እንደዚያ ነው። እዚህ ፉርጎው ውስጥ የሚሳበው ገመድ እውነተኛ ፍሬን ነው። ምልክቱ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ እሳት ከሆነ አትሳብ፣ ሰው ከታመመ አትሳብ፣ ወንጀል ከሆነ አትሳብ። የሚሳበው የባቡሩ መንቀሳቀስ ራሱ ሰው ሊገድል ሲል ብቻ ነው፣ ለምሳሌ ሰው በር ይዞት ባቡሩ ሲነሳ። ሰው የታመመበት ባቡር ዋሻ ውስጥ ከቆመ ሐኪሙ በምን ይደርስለታል?

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አንዱ ጣቢያው አለፈውና ገመዱን ሳበው። በቃ ሳበው! የእኛው “ወራጅ አለ” መሆኑ ነው። አርባ ደቂቃ ዋሻ ውስጥ ተቀመጥን። አንዴ ከተሳበ ሠራተኛው ወርዶ እየዞረ ማየት አለበት፣ ዝም ብሎ አይነሳም። ሰውየው ላይ የወረደውን ስድብ አልተረጉምላችሁም።

---

የሆጤ ልጅ (ሴኡል)

ይቅርታ ግን ሁላችሁም “ጠብቅ፣ አትንካ” ብቻ እያላችሁ ነው። እኔ ኮሪያ ነው ያለሁት። እዚህ ሰው እንደዚያ አያወራም፣ ምክንያቱም ጠብቀው የሞቱ ሰዎች አሉ።

ዴጉ የምትባል ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2003 ጠዋት አንድ ሰው ባቡር ውስጥ ቤንዚን አፍስሶ ለኮሰ። ባቡሩ ጣቢያ ደርሶ በሩ ክፍት ስለነበር ብዙዎቹ ወጡ። ግን በማዶው ሐዲድ ሌላ ባቡር መጣ፣ እዚያው እሳቱ አጠገብ ቆመ። ኤሌክትሪኩ ተቋረጠ። ሾፌሩ በድምፅ ማጉያ ተቀምጣችሁ ጠብቁ ይል ነበር፣ ቆይቶ ግን እሱ ራሱ ሸሸ፣ ሲሸሽም ዋናውን ቁልፍ ነቅሎ ሄደ። ቁልፉ ሲነቀል በሮቹ ተዘጉ። ጣቢያ ውስጥ ነው ያሉት እኮ፣ ከበሩ ማዶ መሳፈሪያው ነው! ከበሩ አጠገብ በእጅ መክፈቻው አለ፣ ሰው አላወቀውም። በጠቅላላው 192 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ከሁለተኛው ባቡር ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ወንበሩን ሁሉ በማይነድ ዕቃ ቀየሩት። በሩ በእጅ እንዴት እንደሚከፈት ፉርጎው ውስጥ በሥዕልም በቪዲዮም ያሳያሉ፤ ክዳኗን ከፍተህ ውስጥ ያለችውን እጀታ ትስባለህ፣ አየሩ ሲለቅ ሺሽ የሚል ድምፅ ትሰማለህ፣ ከዚያ በሩን በሁለት እጅህ ወደ ጎን ትገፋለህ። ብቻውን አይከፈትም፣ ብዙ ሰው እጀታውን ስቦ በሩ እስኪከፈት ቆሞ ይጠብቃል። ጣቢያዎቹ ላይ ደግሞ የጭስ መከላከያ ማስክና የእጅ ባትሪ በመስታወት ቁም ሣጥን ተቀምጧል። እና ወንድሜ፣ እጀታዋን አትንካ ብለው አያስፈራሩህ። እወቃት።

---

ከጓንዡ ተመላሽ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

እታለም ልክ ነሽ፣ እኔ ግማሹን ነው የነገርኩት። ግን የአንቺም ታሪክ የእኔን አያፈርሰውም። ዴጉ ባቡሩ የቆመው መሳፈሪያው ላይ ነው። ከበሩ ውጭ የሚረገጥ ወለልና ደረጃ አለ። እዚያ ጋ ባቡሩ ቆሞ፣ ጭስ እየመጣ፣ በሩ ዝግ ከሆነ፣ ማንንም አትጠብቅም፤ ትስባታለህ፣ ትገፋለህ፣ ትወጣለህ። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ጥያቄው “እጀታዋን ልሳብ ወይ” ሳይሆን “ከበሩ ማዶ ምን አለ” ነው።

በሌላ በኩል ባኩን እይ፣ የአዘርባጃን ዋና ከተማ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1995። ባቡሩ ከጣቢያ ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ በኤሌክትሪክ ብልሽት እሳት ተነሳና ዋሻው ውስጥ ቆመ። 289 ሰው ነው የሞተው፣ አብዛኛው ጋሼ ባሉት ጋዝ። እዚያ ባቡሩ ቀጣዩ ጣቢያ ቢደርስ ኖሮ ብለህ ታስባለህ። ዋሻ ውስጥ መቆም ማለት ይሄ ነው።

ጓንዡ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። መሳፈሪያው ላይ ከባቡሩ በር ፊት ለፊት ሌላ የመስታወት በር አለ፣ ሰው ሐዲድ ላይ እንዳይወድቅ የተሠራ። ስለዚህ የባቡሩን በር ከፈትክ ብለህ አትደሰት፣ ሁለተኛው አለ። በባቡሩ በኩል ስታየው አረንጓዴ እጀታ አለው፣ እሱን ይዘህ ወደ ጎን ትለየዋለህ። ባቡሩ ትክክል ሳይቆም ቀርቶ በር ለበር ካልገጠመ ደግሞ በመካከል አግዳሚ ብረት ያላቸው የአደጋ በሮች አሉ፣ ብረቱን ገፋ ስታደርግ ወደ ውጭ ይከፈታሉ። ይሄን ለማወቅ እኔ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፣ ያውም አንድ ሕፃን ሲጫወትበት እናቱ ስትቆጣው አይቼ ነው።

---

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ወላሂ አመሰግናለሁ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ጋሼ፣ እርስዎን ሳላውቅዎት አልቀርም፣ ድምፅዎ ተሰማኝ ስንት ጊዜ ሰፈር ውስጥ “ያን ከሰል ወደ ውጭ አውጡ” ሲሉ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ቆሞ “ውረዱ” ቢሉንስ? ሐዲዱ ላይ ነው የምንሄደው? ሌላው መዶሻው። መስታወቱን መስበር ይቻላል?

---

ብሮንክስ ያለ የወሎ ልጅ

ውረዱ ካሉ ትወርዳለህ፣ ካላሉ አትወርድም። በቃ። ኤሌክትሪኩን መዝጋት ያለባቸው እነሱ ናቸው፣ አንተ ስትዘል እነሱ አያውቁም። ቤታችን ያለው 220 ቮልት አይደል? በብዙ ከተማ ከሐዲዱ ጎን የሚሄደው ሦስተኛው ሐዲድ ከ600 እስከ 750 ቮልት ይይዛል። ቻይና 1,500 የሚደርስም አለ። ክዳን አለው ብለህ አትርገጠው። አጠገቡ ያለው ሐዲድም ባዶ ነው ብለህ አትሻገር፣ በዚያ በኩል ሌላ ባቡር ሊመጣ ይችላል። ግድግዳውን ተጠግቶ ጠባብ መሄጃ ካለ በእሱ፣ አንድ በአንድ፣ ሠራተኛው በመራህ በኩል። ሻንጣህን ተወው። ቅቤና በርበሬ ቢኖርበትም ተወው!

---

የፋብሪካው ጋሼ (ኮምቦልቻ)

መዶሻው ላይ። መዶሻ ያለው ሁሉም ባቡር ላይ አይደለም፣ አውቶብስ ላይ ነው የለመድነው። ካለ መሃሉን አትምታ፣ መሃሉ ይለጠጣል፣ መዶሻው ነጥሮ ይመለሳል። ጥጉን ምታ፣ ማዕዘኑ አካባቢ፣ ሹል ጫፉን ወደ መስታወቱ አድርገህ። ፊትህን አዙር፣ ክንድህን በጃኬት ጠቅልል። ድርብ ሆኖ መሃሉ ላይ ላስቲክ ያለበት መስታወት ከሆነ ግን ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም፣ ጉልበትህን አትጨርስ፣ ወደ በሩ ሂድ። ከሰበርከው ደግሞ ያቺ ልጅ እንዳለችው መጀመሪያ ከማዶ ምን እንዳለ እይ።

አዎ የኔ ልጅ፣ እኔ ነኝ። ያ ከሰል ዛሬም ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ለእናትህ ንገራት።

---

የሆጤ ልጅ (ሴኡል)

ያቺ ልጅ ያሏት እኔ አይደለሁም ጋሼ፣ ተመላሽ ነው ያለው። ግን እወስደዋለሁ ሃሃ።

ከሁሉም በላይ አንተ የምታገኘው ነገር ግን እሳት ሳይሆን ተንቀሳቃሽ ደረጃው ነው። ማንም አላነሳውም። ጓደኛዬ ረዥም ቀሚስ ለብሳ ጫፉ ጥርሱ ውስጥ ገባባት፣ እየጎተታት ሄደ። ከታችም ከላይም ቀይ የማቆሚያ ቁልፍ አለው፣ እኔ ታች ስለነበርኩ ሮጬ መታሁት። ቆመ። ግን በድንገት ሲቆም ከላይ አንድ ሽማግሌ ሊወድቁ ነበር፣ ከኋላቸው የነበረው ልጅ ነው የያዛቸው። ለካ መጀመሪያ “ያዙ!” ብሎ መጮህ ነበረብኝ፣ ሰው መደገፊያውን ሲይዝ ነው የሚጫነው። አንድ ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ስልክህ ሐዲድ ላይ ከወደቀም አትውረድ። ሠራተኛው ረዥም መቆንጠጫ አለው፣ አንስቶ ይሰጥሃል። ሰው ከወደቀ ግን መሳፈሪያው ላይ የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍ ፈልግ፣ ምሰሶ ወይ ግድግዳ ላይ ነው፣ እሱን ተጫን፣ ወደሚመጣው ባቡር እጅህን አውለብልብ፣ ጩህ። ዘለህ አትግባ፣ ሁለት ሰው ነው የሚሞተው። በየጣቢያው የሚሰቀለው የልብ ማስነሻ መሣሪያም አያስፈራህ፤ ስትከፍተው ራሱ ይናገራል፣ ሥዕሉን ተከትለህ ትለጥፋለህ፣ ልቡ ካላስፈለገው መሣሪያው ኤሌክትሪክ አይለቅም። መሣሪያው ሲል ብቻ ከሰውየው ላይ እጅህን አንሳ።

---

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ለእናቴ በሙሉ አነበብኩላት። ዴጉን ዘለልኩት፣ ባኩንም ዘለልኩት። የጋሼን ከሰል ስሰማት “እሳቸውማ ድሮም ነገረኛ ናቸው” አለች፣ ግን ማታ ምድጃው በረንዳ ላይ ነበር።

በጣም ደስ ያላት መነጋገሪያው ነው። “ታዲያ ሰው ካለበትማ ጥሩ ነው፣ ደጋግመህ አናግረው” አለችኝ።

---

ሐረጎ ቁልቁለት (ደሴ)

ሁሉም ገብቶኛል፣ አንድ ነገር ብቻ። “ወራጅ አለ” በቻይንኛ ምንድን ነው?

---

ከጓንዡ ተመላሽ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

“ሺያ ቸ”። ግን ለአውቶብስ ነው። ሜትሮው ላይ ብትጮኸው ሰው ዞር ብሎ ያይሃል እንጂ ማንም አይቆምልህም። ዝም ብለህ ቁም፣ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ራሱ ይከፍትልሃል።